ቅዳሜን ካውያ ሲበላው፦ የእትዬ መልሶች ለጠያቂዎች

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን ሰነበቱ። እኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ሶስት ልጆች አሉኝ ሁለቱ ተማሪ ናቸው፣ ባለቤቴም እኔም ቢሮ ነው የምንሰራው። ዓርብ ማታ አጥባለሁ ከዛ ቅዳሜን ሙሉ ስተኩስ እውላለሁ፣ ዩኒፎርም አለ፣ የባለቤቴ ሸሚዝ አለ፣ አንሶላ አለ፣ ደሞ ልክ ካውያው ሲግል መብራት ይጠፋል። ልጆቹ ዩቲዩብ ላይ ተጥደው ይውላሉ እኔ ደግሞ ስነጫነጭ እመሻለሁ። ሰራተኛ የመቅጠር አቅም የለኝም። ስቲም ካውያ ብገዛ ይሻለኛል እንዴ? (እናት ከጀሞ)

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ አንሶላውን ተይው። የምሬን ነው። አንሶላ፣ ፎጣ፣ ፒጃማ፣ የልጆች የቤት ቲሸርት፣ ይሄን ሁሉ ማን ሊያይልሽ ነው የምትተኩሺው? ጥሩ አድርገሽ ካጠፍሽው በቂ ነው። እርግጥ እናቶቻችን ሁሉንም ይተኩሱ ነበር፣ ሞቃትና እርጥብ አገር ላለ ሰው ደግሞ ምክንያት አለው፣ ውጭ የተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሏን የምትጥል ዝንብ አለች፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ቆዳ ውስጥ ገብቶ እንደ ብጉር ያብጣል፣ ካውያ ያንን ይገድላል። ጀሞ ግን ደጋ ነው፣ እሱ ስጋት የለብሽም።

ሁለተኛ፣ የመተኮስ ግማሹ ስራ ያለው ማስጫው ላይ ነው። ጨምቀሽ ዝም ብለሽ ገመዱ ላይ የወረወርሽው ሸሚዝ እንደተጨማደደ ይደርቃል፣ ከዛ ካውያ ይዘሽ ስትታገዪው ትውያለሽ። ሸሚዙን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ጷ እስኪል አራግፊው፣ ኮሌታውንና ቁልፍ የሚያያዝበትን በጣትሽ ሳብ ሳብ አርጊው፣ ከዛ በመስቀያ ስቀይው። መስቀያ ዋጋው ምንም አይደል። ሱሪ ከሆነ በእግሩ በኩል ተዘቅዝቆ ይሰጣ፣ የራሱ ክብደት ይስበዋል።

ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትጠብቂ። ሁላችንም የምናበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ደርቆ ብስኩት የሆነ ጥጥ መልሰን ውሃ እየረጨን እንተኩሳለን። የጥጥ ክር ውሃ ሲያገኝ ይላላል፣ በሙቀትና በክብደት ስትጫኚው ተዘርግቶ ውሃው ሲተን እንደተዘረጋ ይቀራል፣ የመተኮስ ምስጢሩ ይቺው ናት። ስለዚህ ስትነኪው ቀዝቀዝ ሲልሽ፣ እጅሽን ግን ሳያርስ፣ አውርጂው። ካመለጠሽ ለብ ባለ ውሃ ረጨት ረጨት አርገሽ በፎጣ ጠቅልይና አስቀምጪው፣ ቡና ጠጥተሽ እስክትመለሺ እርጥበቱ እኩል ይዳረሳል።

ከዛ ልብሱን በሙቀት ለይው። ውስጡ ባለው ምልክት ላይ የካውያ ስዕል አለ፣ አንድ ነጥብ ማለት ዝቅተኛ ሙቀት፣ ሶስት ነጥብ ማለት ጥጥና ተልባ። ከአንድ ነጥብ ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ፣ ምክንያቱም ካውያ ቶሎ ይግላል እንጂ ቶሎ አይበርድም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ብዙው ፖሊስተር ስለሆነ ሲበዛበት ይቀልጣል ወይ ያብለጨልጫል፣ ገልብጠሽ ወይም ስስ ነጭ ጨርቅ ጣል አርገሽበት ተኩሺው። ሹራብ ስር የሚለበሰውን ሸሚዝ ኮሌታውንና እጅጌ ጫፉን ብቻ ብትተኩሺ የሚያውቅብሽ የለም፣ እኔ ለማንም አልናገርም። ኮሌታ ከጫፍ ወደ መሃል ነው የሚተኮሰው፣ ከመሃል ወደ ጫፍ ከሄድሽ ጫፉ ላይ ይጨማደድብሻል።

ነጠላና ጋቢ ጭራሽ ካውያ አያስፈልጋቸውም፣ ነጠላውን ትንሽ እርጥበት እያለው አጥፈሽ በንጹህ ጨርቅ ጠቅለሽ ፍራሽ ስር አስገቢው፣ ጠዋት ተስተካክሎ ታገኚዋለሽ። የሐበሻ ቀሚስ ከሆነ ጥለቱን በጀርባ በኩል፣ ጨርቅ ጣል አርገሽ፣ ያ የሚያብረቀርቀው ክር ሙቀት አይችልም።

ስቲም ካውያ ላልሽው፣ ለእንዳንቺ ዓይነት ቤት ግዴታ አይደለም። ብዙዎቹ 2000 ዋት ወይም ከዛ በላይ ይስባሉ፣ ተራው ካውያ 1000 አካባቢ ነው፣ ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ከሰካሽው ገመዱ ራሱ ይግላል። ምጣድ እየሰራ እያለ ደግሞ በጭራሽ እንዳትሰኪ፣ የኮንዶሚኒየም ብሬከር ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም። የምትረጪበት አንድ ጠርሙስ ይበቃሻል። መብራት ሲጠፋ ካውያው የያዘው ሙቀት ስላለ ባለ አንድ ነጥቦቹን አስከትይበት። የከሰል ካውያ ካለሽ ደግሞ በረንዳ ላይ ብቻ፣ የከሰል ጭስ ሽታም ሳይኖረው ሰው ይገድላል።

ስለ ባለቤትሽ ሸሚዝ ደግሞ አንድ ልበልሽ፣ እስቲ ላውንደሪ ቤት ግቢና እዪ፣ ካውያ ይዞ የቆመው ወንድ ነው! ስለዚህ ይቻላቸዋል ማለት ነው። ሸሚዙን እሱ ይተኩስ፣ ትልቁ ልጅ ካልሲ ያጣምር። ከሰዓት ሲተርፍሽ መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ለናንተ ሩቅ አይደለም፣ በ2011 ነው የተከፈተው፣ ግድግዳው በጭቃና ጭድ የተሰራ፣ ግቢው አትክልትና እንስሳት ያሉበት፣ ልጅ «ዝም በል አትንካ» ሳይባል የሚሮጥበት ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ ሰላም ነዎት? እኔ የሰሚት ነዋሪ ነኝ፣ የ5 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። ባለፈው ሙዚየም ወሰድኳቸውና ትንሿ «መቼ ነው የምንሄደው» እያለች አስጨረሰችን፣ ትልቁም ስልኬን ለመነኝ። መስታወት ውስጥ ያለ ነገር ለዚህ ዘመን ልጅ ይሆናል እንዴ? ወይስ ትልቅ እስኪሆኑ ልተወው? (አባት ከሰሚት)

መልስ፦ ኧረ አትተወው ወንድሜ። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ከበሩ እስከ ጓሮ ሁሉንም አሳያለሁ ብለህ ነው የገባኸው፣ የከፈልኩበት ነው ብለህ። ልጅ እንደዛ አያይም። ሁለት ነገር አይቶ መውጣት ነው፣ በቃ።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰዳቸው፣ ቀጥታ ወደ ታች ወደ ድንቅነሽ። ከመሄዳችሁ በፊት ቤት በር ላይ 1 ሜትር ከ10 ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግ፣ ድንቅነሽ ቁመቷ እዛ አካባቢ ነበር። የአምስት ዓመቷን ልጅህን አስጠጋት፣ እኩል ወይ ተቀራራቢ ትሆናለች። ከዛ እዛ ስትደርሱ ቆሞ የተሰራውን አጽም ስታይ «እኔን ታክላለች!» ማለቷ አይቀርም፣ ድንቅነሽ ግን ልጅ አልነበረችም፣ አዋቂ ናት፣ የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርሷ ወጥቶ ነበር። ይሄን ለትልቁ ተውለት፣ እሱ ለእህቱ ያስረዳት። በ1967 ኅዳር ላይ አፋር ሐዳር ነው የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት። «እውነተኛው አጥንት ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፣ አትዋሻቸው፣ የሚታየው ቅጂ ነው፣ ዋናው ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። ልጅ እንዲህ ሲባል ይከፋዋል ብለህ እንዳትፈራ፣ የት ነው የተቆለፈው ቁልፉስ ማን ጋር ነው እያለ ነው የሚያስቸግርህ።

ሁለተኛዋ ሰላም ናት። በ1993 ዲኪካ ላይ የኛው ሰው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን ያገኛት፣ ስትሞት 3 ዓመት ገደማ የነበረች ሕጻን፣ ከድንቅነሽም ትቀድማለች። ትንሿ ልጅህ የራሷን ጥርስና የሰላምን ጥርስ ታነጻጽር። ከዛ ውጡና ግቢው ውስጥ ተቀመጡ፣ የያዛችሁትን ዳቦ ብሉ። የንጉሡ ዙፋንና ላይ ያሉት ሥዕሎች ለሌላ ቀን ይሁኑ፣ ሙዚየሙ የትም አይሄድም።

ሌላ ቅዳሜ ደግሞ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም። ቤቱ ራሱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፣ የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይነካ አለ፣ በ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ ጥይት የበሳው መስታወትም አለ። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ ከዛ መስታወት ፊት አይነሳልህም። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው ዕድሜ ነው፣ ከልደትና ከልጅነት ጨዋታ ተነስቶ እስከ ሞት፣ ስለዚህ ለትንሿ መጀመሪያው ክፍል ይበቃታል። ውጭ ግቢው ላይ ጣሊያን የሠራው ደረጃ አለ፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ በየዓመቱ አንድ እርከን እየተባለ የተቆለለ፣ ጫፉ ላይ በኋላ የኛ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃውን ይቁጠሩ፣ ከዛ አንበሳው ለምን እዛ እንደወጣ ራሳቸው ይንገሩህ። መታወቂያ መያዝ አትርሳ በሩ ላይ ይጠይቁሃል፣ ሰዓቱንም ከመሄድህ በፊት ደውለህ አረጋግጥ፣ በተለይ እሁድ።

ሳይንስ ነገር የሚወዱ ከሆነ በ2015 መስከረም የተከፈተው ሳይንስ ሙዚየም አለላችሁ፣ እዛ የሚነካ ነገር ስላለ ምንም ምክር አያስፈልገውም። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ግን አሁን አይደለም። የራስ ቅልና አጽም አለ፣ የሟቾች ፎቶ አለ፣ እኛ ያንን ዘመን ያየነው ሰዎች እንኳን ዓይናችን እንባ ሞልቶ ነው የምንወጣው። ትልቁ ሲጎረምስ ብቻችሁን ሂዱ።

ስልክ ላልከው፣ ስልኩን አትከልክለው፣ ስራ ስጠው። ለእህትህ የምታሳያትን አምስት ፎቶ አንሳ በለው፣ ፎቶ ይፈቀድ እንደሆነ ግን መጀመሪያ በር ላይ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እትዬ ከሪያድ ነው የምጽፍልዎ። የማዳም ባል ነጭ ቶብ፣ ያ የዓረቦች ረጅም ቀሚስ፣ ነው የሚለብሰው፣ በየቀኑ እተኩሳለሁ፣ ስታርች ስረጭበት ደረቱ ላይ ቡኒ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ማዳም ትቆጣኛለች። ምን ላድርግ? (እህታችሁ)

መልስ፦ አይዞሽ የኔ ልጅ። ያ ቡኒ ነገር ብዙ ጊዜ ስታርቹ ራሱ ሲቃጠል ነው። አሚዶም በለው ስፕሬይ ያው ነው፣ ከዱቄት የሚሠራ ስለሆነ ሳይሰርግ ካውያ ሲያርፍበት እንደ ዳቦ ቅርፊት ይጠቁራል። ስትረጪ ቀረብ አድርገሽ አታርሺው፣ ራቅ ብለሽ በስሱ እርጪና ጨርቁ እስኪጠጣው ትንሽ ጠብቂ፣ ከዛ ካውያውን ከጥጥ ሙቀት ትንሽ ዝቅ አድርገሽ አንድ ቦታ ሳታቆዪ አሂጂው። መጀመሪያ በውስጥ በኩል፣ ፊቱን በመጨረሻ። የካውያውን ሆድም እዪው፣ የትናንቱ ስታርች ተጣብቆበት ከሆነ ወደ ዛሬው ቶብ ነው የሚሄደው፣ ነቅለሽ ሲበርድ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። አሁን ያለውን ነጠብጣብ ደግሞ ደጋግመሽ አትተኩሺበት፣ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈሽ እጠቢው፣ ገና አዲስ ከሆነ ይለቃል።