ትልቅ ፊሸር ችግሩን አይፈታውም

ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ሰፈር፣ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል።

«ጋሼ፣ እህቴ ከሪያድ ስትመለስ ማይክሮዌቭና 50 ሊትር የውሃ ማሞቂያ ይዛልን መጣች። ማድ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ሁለቱንም ግድግዳ ላይ ልንሰቅል አሰብን። ልጄ በድሪል በስቶ፣ ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዘውን ፕላስቲክ) ከትቶ ብሎኑን ሲያጠብቅ ዝም ብሎ ይዞራል። ትልቅ ፊሸር ብንገዛ ይይዛል? ማድ ቤቱ በሦስት በኩል ብሎኬት ነው፤ ከአሮጌው ቤት ጋር የሚዋሰነው ግን ጭቃ ነው።»

እትዬ፣ አይይዝም። ፊሸር የሚሠራው ብሎኑ ሲገባበት አብጦ ዙሪያውን በመጫን ነው። ለመጫን ደግሞ ዙሪያው ድፍን መሆን አለበት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ከልስኑ ጀርባ ያለው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሲሚንቶ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ከዚያ ባዶ። ልስኑን ደግሞ ከቁጥር አያስገቡት፤ እሱ ለውበት ነው። ልጅዎ ድሪሉን በመዶሻው፣ ማለትም እያዞረ በሚመታበት ማብሪያው፣ ተጠቅሞበት ከሆነ ያቺ ቀጭን ግድግዳ ከጀርባዋ ተሸራርፋለች። ከፊት ሲያዩት ቀዳዳው ደህና ይመስላል፣ ከኋላ ግን ሰፍቷል። ብሎኑ የሚዞረው ለዚህ ነው። ብሎኬት ሲበሱ መዶሻውን አጥፍቶ ዝም ብሎ ማዞር ነው።

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ። የማሞቂያው ካርቶን ላይ የተጻፈው የባዶው ነው። 50 ሊትር ውሃ ብቻውን 50 ኪሎ ነው። ከነጋኑ 70 ኪሎ አካባቢ ይሆናል፤ ሌት ተቀን ተንጠልጥሎ። ማይክሮዌቩ ቀላል ነው፣ ብዙዎቹ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ናቸው፤ ግን ወደ ፊት ይወጣል። ሰው የሚዘነጋው ይኼንን ነው። የተሰቀለ ዕቃ ወደ ታች ብቻ አይጎትትም፣ የላይኛውን ብሎን ከግድግዳው ወደ ውጭ ይነቅላል። 15 ኪሎ ማይክሮዌቭ ክብደቱ ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። ዕቃውን የሚሸከመው ብረት፣ ደጋፊው፣ ግድግዳው ላይ ቁልቁል የሚያርፈው እግሩ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ የላይኛው ብሎን ላይ 30 ኪሎ የሚነቅል ጉልበት ይመጣል። እግሩ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን 10 ኪሎ ብቻ። ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ አጭሩን ቄንጠኛ ደጋፊ ይተዉት፤ እግሩ ረጅሙን ይምረጡ።

ለማይክሮዌቩ የእኔ ምርጫ ግን ጭራሽ አለመስቀል ነው። ብረት ቤት ሄደው ከቱቦላሬ አራት እግር ያለው ቁም ሳጥን መሳይ ነገር ያስበይዱ። ክብደቱ ወለሉ ላይ ያርፋል፣ ከሥሩ የዱቄት ማስቀመጫ ይሆንዎታል። ግድግዳው ላይ የሚመታው እንዳይወድቅ መያዣ አንድ ሁለት ብሎን ብቻ ነው፤ ለዚህ ፊሸር ይበቃል። ማይክሮዌቩ እንዳይንሸራተት ከፊት ለፊቱ ትንሽ ከንፈር ያስወጡለት። ወሎ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው ያለነው፤ በ1953 ዓ.ም ካራ ቆሬና ማጀቴን ያፈራረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ትልልቆቹ ያስታውሱታል። ከፍታውም ከደረትዎ አይብለጥ፤ ትኩስ ወጥ ከራስ በላይ ማውረድ ጥሩ አይደለም። ከላዩ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ይተዉ፣ ይተንፍስ። ከከሰል ምድጃና ከቡታጋዝ በላይም አይሁን።

ማሞቂያው መሰቀሉ አይቀርም። መጀመሪያ ኮለን (ቋሚውን የኮንክሪት ምሰሶ) ወይም ቢም (አግዳሚውን) ይፈልጉ። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ያንኳኩ፤ ብሎኬቱ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ኮንክሪቱ ድፍን። ቤቱን የሠራው ሰው ካለ እሱን መጠየቅ ይቀላል። ኮንክሪት ላይ በብረት ፊሸር፣ ከጠርዙ ራቅ ብሎ መምታት ይቻላል።

ኮንክሪቱ ማሞቂያው የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ካልተገኘ ብሎኬቱ ውስጥ ራስዎ ያብጁት። ብሎኖቹ የሚመጡበት ቦታ ላይ የብሎኬቱን ፊት አንድ ጭብጥ በሚያስገባ ስፋት ይሰብሩ። ከታች ያለውን ክፍት በማዳበሪያ ከረጢት ይወትፉ፣ አለበለዚያ ኮንክሪቱ ቁልቁል ይሄዳል። አቧራውን ጠርገው ውሃ ያጠጡት። ከዚያ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ደቃቅ ጠጠር በትንሽ ውሃ ጠንከር አድርገው አቡክተው እየጠቀጠቁ ይሙሉት። ዳዶ የሚገባበት 12 ሚሊ ጥርስ ያለው ብረት፣ ኋላው ላይ የላሜራ ቁራጭ ተበይዶበት፣ መሃሉ ይቀበር። ለሳምንት ውሃ እያጠጡ ይጠብቁ። የደሴ ብርድ ሲሚንቶን ያዘገያል፤ ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ምንም አይስቀሉበት። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸኩለው። ግድግዳው 10 ሳንቲ ብሎኬት ከሆነ ግን ይኼም አይሆንም፤ ለማሞቂያውም የብረት እግር ያሠሩለት። ውፍረቱን በር መቃኑ ጋ መለካት ይችላሉ።

ከመስቀልዎ በፊት ይፈትኑት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። አምስት ጀሪካን አንጠልጥለው ያሳድሩት። ከሥሩ ማንም እንዳይቆም፣ በተለይ ልጆች። ጠዋት ልስኑ ላይ ስንጥቅ ካዩ ወይም ብረቱ አጎንብሶ ካገኙት ያውርዱት።

የጭቃው ግድግዳ ላይ ምንም አይስቀሉ። ምስማር ማገሩን ቢያገኝ እንኳ ይዞ የሚቆየው ወንፊትና ድስት ነው።

ስለ መብራቱም አንድ ነገር። የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። የማይክሮዌቩን ጀርባ ያንብቡ፤ «220» እና «50» የሚሉት ቁጥሮች ከሌሉበት ሳይሰኩ ባለሙያ ያሳዩት፤ ለ60 ብቻ የተሠራ ማይክሮዌቭ እዚህ ይግላል። ስፒናውም ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ይሆናል። ርካሹ አዳፕተር የመሬት ሽቦውን አያገናኝም፤ ስፒናውን በእኛው ባለ መሬት ስፒና ያስቀይሩ። ማሞቂያው የራሱ ብሬከርና 2.5 ሚሊ ሽቦ ይኑረው፤ ከእንጀራ ምጣዱ ጋር በአንድ መስመር አይሁን።

የማሞቂያው ሴፍቲ ቫልቭ (ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው) ውሃው ሲሞቅ ጠብ ጠብ ቢል ደህና ነው፤ በጨርቅም በቡሽም እንዳይደፍኑት። ውሃ በጠፋ ቀን ብሬከሩን ያጥፉ። ውሃው ሲመለስ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ይጠብቁ፤ ከዚያ ያብሩ። ጋኑ ባዶውን ከበራ ማሞቂያ ብረቱ ይቃጠላል።