መልስ፦ ጦሳን ከልጆች ጋር፣ ኪስ ሳይጎዳ

አብሽሪ እህቴ! የ5 እና የ9 ዓመት ልጆች ይዘን ከኮምቦልቻ መጥተን የደሴውን ጦሳ ተራራ በትንሽ ወጪ መውጣት እንችላለን ወይ ነው ያልሽው። ትችላላችሁ፤ የግድ ጫፉ ላይ ካልደረስን ካላላችሁ።

ደሴ ራሷ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ዝቅ ካለችው ኮምቦልቻ ለመጣ ልጅ ዳገቱ ላይ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ትንሿ ከፊት ትሁን፣ በእሷ እርምጃ ሂዱ። ስትሰለች እዚያው ተመለሱ።

አዲስ ጫማ እንዳትገዙ። እግራቸው የለመደው፣ ሶሉ ያላለቀ ሸራ ጫማ ይበቃል። እኔ ለልጄ አዲስ ገዝቼለት ተረከዙ ውሃ ቋጠረ፤ ግማሹን መንገድ ጀርባዬ ላይ ነው የጨረሰው!

ውሃ በሃይላንድ ከቤት ቅዱ። ለምሳ ዳቦና ቅቅል ድንች፣ ለድካም በሶ በስኳር። ቆሎ ለትልቁ ብቻ ስጪ፤ ትንሿን ሊያንቃት ይችላል። ኮፍያና አንድ ጋቢ ያዙ፣ ላይ ነፋስ አለ። ለቆሻሻ ደግሞ ባዶ ፌስታል።

ሐምሌና ነሐሴ ግን ይቅርባችሁ፤ ጭቃና ጉም ነው። ጥቅምት ላይ ኑ።