ትልቅ የኢ-ኢንክ ታብሌት፦ ከፕሮሰሰሩ በፊት ክብደቱ

ባለ 13.3 ኢንች የኢ-ኢንክ ታብሌት (ማሳያው እንደ ወረቀት የሚነበብ) ለመግዛት «ፈጣኑን ወይስ ቀላሉን?» ብለው ለጠየቁት፣ እኔ ያለማመንታት ቀላሉን እላለሁ። ዛሬ ባይመረትም፣ በ2017 የወጣውን የሶኒ ዲፒቲ-አርፒ1 ይመልከቱ፦ ክብደቱ 349 ግራም፣ ውፍረቱ 5.9 ሚሊሜትር ብቻ። ማሳያው ከመስታወት ይልቅ በፕላስቲክ ላይ ስለተሠራ ነው እንዲህ የቀለለው። የኤ4 ሰነድ ለሰዓታት ለማንበብ የሚገዛ ዕቃ ክንድ የሚያዝል ከሆነ ራሙ ምን ይረባል? ፕሮሰሰሩም ቢሆን የማሳያውን ተፈጥሮ አይለውጥም፤ ገጹ የሚቀየረው ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ ቦታ ሲለዋወጡ ነው። ከተቻለ በእጅዎ ይዘው ይሞክሩት። አውራ ጣትዎ ጠርዙ ላይ ሲያርፍ ጽሑፉን ይሸፍናል? ማሳያው ላይ ሲጽፉስ በብዕሩ ጫፍና በሚወጣው መስመር መካከል ክፍተት ይታያል?