«አጥንቱ አልጠራም» ተብሎ የቆመ ሽምግልና

አንዲት ጠያቂያችን የላከችልን ደብዳቤ ረዘም ያለ በመሆኑ፣ ማንነቷን ሊጠቁም የሚችለውን ትተን ፍሬ ነገሩን ብቻ እናቀርባለን።

«ዕድሜዬ 28 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ። ከአንድ መሐንዲስ ጋር 4 ዓመት አብረን ቆይተናል፤ ቤተሰቦቼም ያውቁታል፣ ባለፈው ፋሲካ እናቴ ራሷ አጉርሳዋለች። በጥር ወር ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ‹ዘመድ እናማክር› ብሎ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠ። በዚህ መሀል አጎቴ የልጁ አያቶች አገር ድረስ ሄዶ ሲያጣራ፣ ወንድ አያቱ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሴት አያቱ ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ ሰምቶ ተመለሰ። ‹አጥንቱ አልጠራም፤ ጠይቦች ናቸው፤ ቡዳ ቤት ልጅ አንሰጥም› አለ። ከዚያ ወዲህ እሱ አንድ ቀን ሊጠይቀን ሲመጣ እናቴ የእኅቴን ሕፃን በነጠላ ሸፍና ወደ ጓዳ ይዛው ገባች፤ እሱ ቡና የጠጣበትንም ሲኒ ለብቻው አስቀምጣዋለች። ለእሱ ‹አባቴን ስላመመው ነው ነገሩ የዘገየው› ብዬዋለሁ። እኔ በዚህ አላምንም። ግን እሱ መጥቶ በሄደ በማግስቱ ሕፃኑን ትኩሳት ይዞት ነበር። ምን ላድርግ?»

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ንባብ ልቤ የቀረው በሲኒው ላይ ነበር፤ በሁለተኛው ግን «አላምንም» ካልሽ በኋላ ያስከተልሻት «ግን» ያዘችኝ። ስለ ሁለቱም እጽፍልሻለሁ። አስቀድሜ የሕጉን ነገር ላንሣ፤ ከጉዳይሽ ሁሉ አጭር መልስ ያለው እሱ ነውና።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለጋብቻ ዕድሜ የደረሱ ወንዶችና ሴቶች በዘር፣ በብሔር ወይም በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው የመጋባት መብት እንዳላቸው፣ ጋብቻም በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ጋብቻን መቃወም የሚቻልባቸውን ምክንያቶች ለይቶ አስቀምጧል፤ ዕድሜ አለመድረስ፣ የተከለከለ ዝምድና፣ በሌላ ጋብቻ መታሰርና የመሳሰሉት አሉበት፣ የአያት ሙያ ግን የለበትም። ስለዚህ አንቺና እሱ ነገ ጠዋት ወደ ክብር መዝገብ ሹም ብትሄዱ የሚመልሳችሁ አይኖርም። ይህንን ግን አንቺም ታውቂዋለሽ ብዬ አምናለሁ። የጻፍሽልኝ መጋባት ስላልተፈቀደልሽ አይደለም፤ እናትሽ ባሏን የሚፈሩባት ሙሽራ ሆነሽ ከቤት መውጣት ስለከበደሽ ነው።

ሕግ ከዚህ እምነት ጋር ሲታገል የአሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚነግደውንና የሚያርሰውን በሥራው እየሰደቡ ማዋረድ እንዲቀር፣ የሰው ልጅ ሁሉ የአዳምና የሔዋን ዘር መሆኑን ጠቅሰው አዝዘዋል። ንጉሠ ነገሥት ስድብን በአዋጅ ለመከልከል መገደዳቸው ነገሩ በዘመኑ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያሳያል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ሕገ መንግሥታት ተለዋወጡ፤ አጎትሽ ግን ዛሬም ያንኑ ቃል ለመጠየቅ ተሳፍረው ሄዱ። ሕግ ፍርድ ቤትንና ወረዳን ይገዛል፤ ማን ከማን ጋር በአንድ ሲኒ እንደሚጠጣ፣ ማን ማንን እንደሚያጎርስ ግን የሚወሰነው በማጀት ነው፤ እዚያ ደግሞ ዳኛዋ እናት ናት።

ታዲያ ይህ ፍርሃት ከየት መጣ? በሰሜኑና በማዕከላዊው የአገራችን ክፍል ለረጅም ዘመን የሰው ክብር የሚለካው በርስት ነበር። ርስት የሌለው ወይም ርስቱን የተነጠቀ ሰው ለመኖር የነበረው ምርጫ ገበሬው የማይሠራውን ነገር ግን ያለ እሱ መኖር የማይችለውን ዕቃ መሥራት ነው፤ ማረሻ፣ ምጣድ፣ ጀበና፣ ሸማ። የቤተ እስራኤል ታሪክ ይህንን አጉልቶ ያሳያል። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ክርስቲያን ያልሆነ ርስት እንዳይኖረው አደረጉ፤ መሬት ያጡትም አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ሆነው ሲኖሩ ጎረቤቶቻቸው «ቡዳ» አሏቸው። በጎንደር ለአይሁዳዊው የተሰጠው ይህ ስም በሸዋ በዕለተ ቅዳሜ ሳይሆን በእሑድ ለሚያስቀድሰው ክርስቲያን ቀጥቃጭም ተሰጥቷል። ስለዚህ ስሙ የተከተለው ሃይማኖትን ወይም ደምን ሳይሆን ሙያንና መሬት ማጣትን ነው። በመንዝ ስለዚሁ እምነት ያጠናው አሜሪካዊው ሮናልድ ሬሚኒክም ነገሩን ከቅናት ጋር ያያይዘዋል፤ ባለ ርስቱ ርስት የሌለውን ሰው ዓይን ይፈራል፣ ምክንያቱም እሱ በዚያ ሰው ቦታ ቢሆን ኖሮ እንደሚቀና ያውቃል። እኔ በበኩሌ በሥራዬ ካየሁት ተነሥቼ ይህ አሳብ እውነትነት አለው እላለሁ፤ የምንፈራው ብዙ ጊዜ በደለኛ የሆንንበትን ሰው ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ለማረስ ለፈለገ ሁሉ መሬት የማግኘት መብት ተሰጠው፤ የፍርሃቱ ምክንያት እንዲህ ሲነሣ ፍርሃቱ ግን ባለበት ቀረ።

አንድ ነገር ደግሞ በመገረም ልጨምር። «ጠይብ» የሚለው ቃል ሥሩ «ጠቢብ» ነው። በበዓል ቀን እናትሽ የሚለብሱት የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ «ጥበብ» የሚባለውም ከዚያው ሥር ነው። ሲኒውን ለይተው አስቀመጡት፤ ቡናው የተቀዳበት ጀበና ግን የተሠራው እንደ እሱ አያት ባሉ ሴቶች እጅ ነው፤ ጀበናው ደግሞ አሁንም ምድጃው ላይ ይጣዳል።

ይህንን የጻፍሁት እናትሽን እንድትከራከሪበት አይደለም። እንዲያውም እንዳትሞክሪው እለምንሻለሁ። ፍርሃት የያዘውን ሰው በታሪክ ማስረጃ ማሸነፍ አይቻልም፤ የተሸነፈ መስሎ ዝም ይልና ሌሊት ሕፃኑን እየዳሰሰ ያድራል። እናትሽ ይህንን ልጅ አይጠሉትም፤ በእጃቸው አጉርሰውታል። ሰውየው ያው የፋሲካው ሰው ነው፤ ተጨምሮ የመጣው አጎትሽ ያመጡት አንድ ቃል ብቻ ነው። ነገር ግን ያ ቃል ለእሳቸው ምን እንደሚያመጣ አስቢው። በልጅነታቸው በቡዳ ተበላ የተባለ ሰው በጭስ ታጥኖ ሲጮህ፣ «ማን ነህ? ከየት ያዝኸው?» እየተባለ ሲጠየቅና የጎረቤት ስም ሲጠራ ሳያዩ አልቀሩም። ያ ጩኸት ማስመሰል አይደለም፤ ጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው ዙሪያውን የከበቡት ሁሉ የሚጠብቁትን ቃል በገዛ አፉ ሊያወጣ እንደሚችል በሙያችን የታወቀ ነው። ያየችው ልጅ ግን ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። በዚያ ላይ ቤቱን የመጠበቅ ኃላፊነት የተጣለው በእናት ላይ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ቢታመም «ማንን ቤት አስገባሽ?» ተብለው የሚጠየቁት አባትሽ አይደሉም፣ እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ «ግን» እንመለስ። አላምንም ብለሽ ትኩሳቱን ግን ቆጥረሽዋል። ይህ ሐሰተኛ አያደርግሽም፤ በዚያ ቤት ያደግሽ ሰው ነሽ ማለት ነው። አእምሯችን የሚፈራውን ነገር የሚደግፍለትን ክስተት አጥብቆ ይይዛል፤ የማይደግፈውን ሳያስተውል ያልፈዋል። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ ሙሉውን ቁጠሪው። ልጁ በ4 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ቤታችሁ መጣ? ከመጣባቸው ቀናት በስንቱ ሕፃኑ ደህና ነበር? እሱ ባልመጣባቸው ሳምንታትስ ሕፃኑ ስንት ጊዜ አተኮሰው፣ ስንት ጊዜ አስቀመጠው? ሕፃናት በየጊዜው ይታመማሉ፤ እንግዳም በየጊዜው ይመጣል፤ ሁለቱ መገጣጠማቸው አይቀርም። እኅትሽንም አደራ በያት፤ ትኩሳቱ ከተመለሰ ማንም ሰው ስለ ዓይን ከመናገሩ በፊት ሕፃኑ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ጸበል የሚጠመቅ ከሆነም መድኃኒቱን ሳይተው ይጠመቅ። በእንዲህ ያለው ቤት ከሁሉ የምፈራው በእምነቱ የተነሣ የሚባክነውን የሕክምና ሰዓት ነው።

የጥያቄሽ ከባዱ ክፍል ግን አንቺ ያልጠየቅሽው ይመስለኛል። ለእሱ አባትሽ ታመዋል ብለሽዋል። የዋሸሽው ላለመጉዳት እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ሽማግሌ ልኮ ሦስት ሳምንት ሲጠብቅ፣ ከዚያም ቤታችሁ መጥቶ ሕፃኑ ከፊቱ ሲወሰድ ምንም አላስተዋለም ብለሽ ታምኛለሽ? እንደ እሱ ካሉ ቤተሰቦች የመጡ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት አነጋግሬአለሁ። አብዛኞቹ ይህንን እንቅስቃሴ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቁታል፤ ምሳ ዕቃው የሚከደንበትን፣ የሕፃን ፊት የሚሸፈንበትን፣ ስለ አያት አገር የሚመጣውን ጥያቄ። አንዲት ሴት «ሰው ቤት ስገባ ሕፃን ካለ ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ» ብላኛለች። እነዚህ ሰዎች ከስድቡ ይልቅ የሚያማቸው የሚወዱት ሰው አውቆ ዝም ማለቱ ነው። አንቺ ዝም ባልሽ ቁጥር፣ ሳትፈልጊው፣ ነገሩ የሚያሳፍር መሆኑን እየመሰከርሽ ነው።

ስለዚህ ከእናትሽ በፊት ለእሱ ንገሪው። በስልክ አይሁን፤ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። አጎትሽ የተናገሩትን ሳታለዝቢ፣ የአንቺንም «ግን» ሳትደብቂ ንገሪው። ሊቆጣ ይችላል፤ ለጥቂት ቀናትም ሊርቅ ይችላል። ያንን ቁጣ ስለ እናትሽ ይቅርታ በመጠየቅ ለማብረድ አትቸኩይ። ሲረጋጋ ግን አንድ ነገር ጠይቂው፤ ከዚህ ቤት ጋር እንዴት መኖር እንደሚፈልግ። የልጆቻችሁ አያት ልጆቻችሁን እንዴት እንደሚያዩአቸው ማሰቡ ለእሱም ይገባዋልና፣ ውሳኔው የሁለታችሁ ይሁን።

ከዚያ በኋላ አባትሽን ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። በደብዳቤሽ ውስጥ ከ«ዘመድ እናማክር» በኋላ ምን እንዳሉ አልጻፍሽም፤ ዝም ብለው ከሆነ ዝምታቸው የግድ ከአጎትሽ ጋር መስማማት ላይሆን ይችላል። ሽማግሌዎቹ መልስ ሳያገኙ መቆየታቸው ነውር መሆኑን እሳቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ቀጠሮ እንዲቆርጡላቸው ብትጠይቂያቸው የሚረዱት ቋንቋ ነው።

የቤተሰባችሁ የንስሐ አባት እናትሽን የሚያሳምኑ ሰው ከሆኑ የእሳቸው ቃል ከእኔ አሥር ገጽ ይበልጣል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ መንፈሱን እንደሞላበት ተጽፏል፤ ጌታም በአገሩ ሰዎች ዘንድ የጸራቢ ልጅ ተብሏል። ካህኑ ይህንን በእናትሽ ፊት ቢያነቡት የተለየ ክብደት ይኖረዋል። ሆኖም አስቀድመሽ ለብቻቸው ጠይቂያቸው፤ ቡዳ በዘር ይወረሳል ብለው የሚያምኑ ካህን አጋጥመውኛል፣ እንዲህ ያለ ሰው በመሀል ከገባ ነገሩ ይብስበታል። እናትሽ በክፉ መንፈስ መኖር ማመናቸውን እንዲተዉ ማንም አይጠይቃቸው። የሚጠየቁት ጥያቄ ጠባብ ነው፤ ያ ክፉ መንፈስ በአያት ሙያ በኩል ይህንን ልጅ ይዞታል ብለው ያመኑት ከማን ሰምተው ነው?

ሠርጉ ላይ ላይገኙ ይችላሉ። ይህንን ከአሁኑ ብታስቢበት ይሻላል፤ ቀኑንም እሳቸው እስኪለወጡ ብለሽ አታራዝሚው፣ ጊዜ ገደብ የሌለው ትዕግሥት እሱን ያደክመዋልና። ብዙ እናቶች በሠርጉ ቀርተው በአራስ ቤት የገንፎ እንጨት ይዘው መጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ግን አልመጡም።

እስከዚያው በቤት ውስጥ ልታደርጊው የምትችይው አንድ ትንሽ ነገር አለ። ፍርሃት የሚቀንሰው የተፈራው ነገር ቀስ እያለ፣ ደጋግሞ፣ ያለ ጉዳት ሲቀርብ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ቡና ሲፈላ ያቺን ለብቻዋ የተቀመጠችውን ሲኒ ራስሽ አውጪያት፣ እንደ ሌላው ሲኒ እጠቢያትና «ለእኔ በዚህች ቅጂልኝ» በያቸው። ንግግር አትጨምሪበት። በመጀመሪያው ቀን ከእጅሽ ሊቀሙሽ ይችላሉ፤ አትታገያቸው፣ ስጫቸውና በሌላ ሲኒ ጠጪ። በሚቀጥለው ቡና ደግሞ ያችኑ ሲኒ ጠይቂ።