የሊኑክስ ስክሪን ሪዞሉሽን፦ የጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ሊኑክስ ጀምራችሁ ስክሪኑ ያስቸገራችሁ ሁሉ ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። የትኛውን ሊኑክስ እንደጫናችሁና ሞኒተሩ በምን ገመድ እንደተገናኘ አብራችሁ ጻፉልኝ። ሪዞሉሽን የምንለው ምስሉ በአግድምና በቁመት በስንት ነጥብ እንደሚሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ገና መጫኔ ነው። ሪዞሉሽን የሚቀየረው የት ነው?

መልስ፦ ዴስክቶፑ ላይ ባዶ ቦታ ፈልገህ በማውሱ ቀኝ ጠቅ አድርግና «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ግባ። «ሪዞሉሽን» ከሚለው ውስጥ መርጠህ «አፕላይ» በል። ለውጡን ላቆየው ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፤ 20 ሰከንድ ዝም ካልከው ራሱ ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ስክሪኑ ቢጠቁርብህ ሳትደነግጥ ጠብቅ፣ ምንም አትንካ።

ጥያቄ፦ የላፕቶፔ ፊደል በጣም ደቃቅ ነው። ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ሳወርደው ተለቀ፣ ግን ደበዘዘብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሪዞሉሽኑን ወደ 1920 በ1080 መልሺው። አንቺ የምትፈልጊው ስኬል ነው። ጀማሪ ሁሉ ከምንም በፊት ይህን ልዩነት ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ስክሪንሽ በአግድም 1920 ነጥቦች አሉት፤ ቁጥራቸው አይጨምርም አይቀንስም። 1280 ስትመርጪ አንዱ የምስል ነጥብ አንድ ተኩል የስክሪን ነጥብ ሊሸፍን ነው። ግማሽ ነጥብ የሚባል ስለሌለ ቀለሙ ከጎኑ ካለው ጋር ይደባለቃል፤ የፊደሉ ጠርዝ የሚፈዘው ለዚህ ነው። ስኬል ግን ነጥቦቹን ሁሉ እየተጠቀመ ፊደሉን አተልቆ ይስለዋል። እዚያው ገጽ ላይ 125 በመቶ ሞክሪ። 100 እና 200 ብቻ ከታየሽ «ፍራክሽናል ስኬሊንግ» የሚለውን አብሪ።

ጥያቄ፦ ሞኒተሬ 1920 በ1080 ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ግን 1024 በ768 ብቻ ነው የሚመጣው። ኤክስራንድአር የሚባል ትእዛዝ አገኘሁ፣ ልጠቀምበት?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ሪዞሉሽኑ ለምን እንደጠፋ እንወቅ። ሞኒተር ሲሰካ የሚችላቸውን ሪዞሉሽኖች የያዘ ኢዲአይዲ የሚባል መረጃ በገመዱ በኩል ለኮምፒውተሩ ይልካል። ያ መረጃ ካልደረሰ ሊኑክስ ትንንሾቹን ብቻ ነው የሚያቀርብልህ። ገመዱን ነቅለህ መልሰህ ሰካው፣ ካልሆነ በሌላ ቀይረው። መሃል ላይ የቪጂኤ (የድሮው የሞኒተር ገመድ ዓይነት) መቀየሪያ ካለ በተለይ እሱን ጠርጥር።

ገመዱ ደህና ከሆነ ወደ ድራይቨሩ፣ ማለትም የግራፊክስ ካርዱን ወደሚያሠራው ፕሮግራም ሂድ። ካርድህ ኤንቪዲያ ከሆነ ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ከፍተህ የሚመከረውን ጫንና ሪስታርት አድርግ። የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨር ከከርነሉ (ከሊኑክስ ዋና እምብርት) ጋር ነው የሚመጣው፤ እነሱ ላይ ከሆነ ስትጭን የጨመርከው «ኖሞድሴት» የሚል፣ የግራፊክስ ድራይቨሩን የሚያግድ የቡት ትእዛዝ ሳይወጣ ቀርቶ እንዳይሆን ተመልከት።

ኤክስራንድአር የመጨረሻ አማራጭ ነው። ዌይላንድ (ስክሪኑ ላይ መስኮቶችን የሚያሳየው አዲሱ ሥርዓት) ላይ ሪዞሉሽን አይቀይርልህም፤ የሚሠራው ኤክስ11 (የቀድሞው ሥርዓት) ላይ ነው። እዚያም በእሱ የጨመርከው ሪዞሉሽን ሪስታርት ስታደርግ ይጠፋል። ግን ያለ ምንም ተጨማሪ ስሙን ብቻ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ብትጽፈው ዝርዝር ከማውጣት በቀር የሚነካው የለም፦ ኮከብ ያለበት አሁን ያለህበት ነው፣ የመደመር ምልክት ያለበት ሞኒተሩ የሚመርጠው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ «አቆየው» ካልኩ በኋላ ጠቆረ። ሪስታርት ባደርግም ያው ነው። እንደገና ልጫነው?

መልስ፦ በፍጹም! ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫን፤ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ገጽ ይመጣል፣ በስምህና በፓስዎርድህ ግባ። ኡቡንቱ የስክሪን ምርጫህን የሚያስቀምጠው «ሞኒተርስ» በሚባል የኤክስኤምኤል ፋይል ነው። ፋይሉ ያለው ሆም ፎልደርህ ውስጥ፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምረው «ኮንፊግ» በሚባለው ድብቅ ፎልደር ነው። ስሙን ቀይረውና ሪስታርት አድርግ፤ ሲነሳ ሞኒተሩ የሚመርጠውን ሪዞሉሽን ይይዛል። ሌላው ፋይልህ አይነካም።

ጥያቄ፦ ሊኑክስን በቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ነው የምጠቀመው፤ መስኮቱን ባሰፋውም ዴስክቶፑ ትንሽ እንደሆነ ይቀራል።

መልስ፦ እዚያው ሊኑክስ ውስጥ «ገስት አዲሽንስ» የሚባለውን የቨርቹዋልቦክስ ተጨማሪ ጫኚና ሪስታርት አድርጊ፤ ከመስኮቱ ጋር ይሰፋል።

ጥያቄ፦ 4ኬ (3840 በ2160) ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ሰካሁ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ማውሱ ግን እየተቆራረጠ ነው የሚሄደው።

መልስ፦ ሪዞሉሽኑ ሥር ያለውን «ሪፍሬሽ ሬት» (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) እይ፤ 30 ሄርዝ ሳይሆን አይቀርም። ኤችዲኤምአይ 1.4 በዚህ ሪዞሉሽን ከዚያ በላይ አይሄድም። 60 ሄርዝ የሚሰጠው በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው 2.0 ነው፤ ኮምፒውተሩም ሞኒተሩም ሊደግፉት ይገባል። ሁለቱም ዲስፕሌይፖርት ካላቸው በእሱ አገናኛቸው።

ጥያቄ፦ ስለ 1024 በ768 የጠየቅኩት ነኝ። መቀየሪያውን አውጥቼ በኤችዲኤምአይ ሰካሁት፣ 1920 በ1080 መጣልኝ!

መልስ፦ እሰይ! ድራይቨሩን እንግዲህ አትነካካው።