ድሬን ሳይወጣ አውሮፕላን? ከውበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለ መብረር ጥያቄና መልስ

ጠይቁኝ ስል ይህን ያህል ሰው ይጽፍልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ዘጠኝ ዓመት ሆስተስ ሆኜ በርሬያለሁ፤ ከዚያ ነርሲንግ ተምሬ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ዋርድ እሠራለሁ። የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ቁስላችሁን ያየው ግን የሠራችሁ ሐኪም ነውና "መብረር ይቻላል" የሚለውን ከእሱ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጥያቄ፦ ኢስታንቡል ነኝ። ታሚ ተክ (የሆድ ቆዳ ማጥበቂያ) ከሊፖ (ስብ መምጠጥ) ጋር ከተሠራሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። የአዲስ አበባ ቲኬቴ ከነገ ወዲያ ነው፣ ድሬኑ (ከቁስሌ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ) ገና አልወጣም። ክሊኒኩ "ችግር የለውም" ብሎኛል። ልሂድ?

መልስ፦ አትሂጂ እህቴ። ድሬን አለ ማለት ውስጥሽ ገና ፈሳሽ እያጠራቀመ ነው፤ አየር ላይ ቢደፈን ወይም ቢነቀል ማን ያየዋል? የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ለተጓዦች የሚያስተላልፈው ምክር፣ ሆዱ ወይም ደረቱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው 10 ቀን ይቆይ የሚል ነው። አንቺ ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ቀን ተሠርተሻል፤ እኔ ብሆን 10ሩንም እንደ ትንሹ ነው የምቆጥረው።

ከድሬኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን የደም መርጋት ነው። ሰውነት ሲቆረጥ ደም ቶሎ እንዲረጋ ይዘጋጃል፤ ደምሽ ፈስሶ እንዳያልቅ የሚጠብቅሽም ይሄው ነው። ሆድሽ ስለተወጠረ ጎበጥ ብለሽ ነው የምትራመጂው፣ አብዛኛውን ሰዓትም ትተኛለሽ። የእግር ደም ወደ ላይ የሚመለሰው ደግሞ ባት ሲጨምቀው ነው። ባትሽ ካልሠራ ደሙ እዚያው ይተኛል። በዚህ ላይ አምስት ሰዓት ገደማ ጉልበት አጥፎ መቀመጥን ጨምሪበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት ከ4 ሰዓት በላይ በረራ የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ለጤነኛ ሰው ይህ ከ6,000 ተጓዥ አንድ ቢሆን ነው። አንቺ ግን አሁን ከዚያ ቁጥር ውስጥ አይደለሽም።

ሲዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2022 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄደው ውበት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ የሞቱ 93 አሜሪካውያንን መዝግቧል። የሕክምና መረጃቸው ከተመረመረው ውስጥ አብዛኞቹን የገደለው ሳንባ ላይ የተቀረቀረ ስብ ወይም የረጋ ደም ነው።

ክሊኒኩ የሸጠልሽ ጥቅል የስንት ሌሊት ሆቴል አለው? አምስት ከሆነ "ችግር የለውም" ያሉሽ ለምን እንደሆነ ይገባሻል። የቲኬቱን ቀን ቀይሪ።

ጥያቄ፦ አፍንጫዬን ልሠራ ነው። ለሥራ ቦታ የነገርኩት የአንድ ሳምንት ፈቃድ ብቻ ነው። በርሬ ለመመለስ ይበቃኛል?

መልስ፦ ለፊት፣ ለዐይን ሽፋንና ለአፍንጫ ከመብረር በፊት የሚመከረው ቆይታ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። አፍንጫ ታፍኖ ሲወረድ ጆሮ ክፉኛ ያማል፤ ደም ሊነስርሽም ይችላል፣ መናፈጥ ደግሞ አይፈቀድልሽም። ሁለት ሳምንት ውሰጂ።

ጥያቄ፦ ጡት ውስጥ የገባ ሲሊኮን ከፍታ ላይ ይፈነዳል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ ውሸት ነው። ሲሊኮን ጄል ነው፣ ፊኛ አይደለም። የካቢን፣ ማለትም የመንገደኞች ክፍል፣ አየር የሚሳሳው ቢበዛ 2,400 ሜትር አካባቢ ያለ ሰው የሚተነፍሰውን ያህል ነው። ቦሌ ኤርፖርት ራሱ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 አውሮፕላኖች ውስጥ ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ይላል። በእነዚህ ሁለቱ ከቦሌ ስትነሺ ካቢኑ ከመሬቱ የተሻለ አየር አለው ማለት ነው፤ ይህን ለመንገደኛ ስነግር የሚያምነኝ አልነበረም። የሳሳ አየር የሚከብደው ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው ነው። ትልቅ ሊፖ ከተሠራሽ ሄሞግሎቢንሽን (ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል) ሳታስለኪ አትውጪ።

ጥያቄ፦ ቢቢኤል (ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ስብ መቀመጫን ማተለቅ) ከተሠራሁ በኋላ ከዱባይ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ብቻ ነው። ትራስ ይዤ ብቀመጥስ?

መልስ፦ ትራሱ ጭን ሥር ገብቶ መቀመጫሽ አየር ላይ ይቀራል፤ የተሞላልሽ ስብ እንዳይጨፈለቅ ይረዳል። ግን ጭንሽን ከታች ይጫነዋል፣ እኔ ደግሞ የምፈራው የእግርሽን ደም ነው። ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ ሁለት ሳምንት በቀጥታ መቀመጥን ይከለክላሉ፤ ሲነሣና ሲያርፍ ደግሞ ቀበቶ አስረሽ ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ የለሽም። በነገራችን ላይ ይህ ቀዶ ሕክምና ራሱ ከውበት ሥራዎች ሁሉ ገዳይ ተብሎ የተነገረለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዘርፉ ማኅበራት ባቋቋሙት ግብረ ኃይል ግምት የሞት መጠኑ ከ3,000 ሰው አንድ ሊደርስ ይችላል። ያለፈውን መመለስ አይቻልም፤ መመለሻሽን ግን አዘግዪ።

ጥያቄ፦ አስፕሪን ውጬ ብገባስ?

መልስ፦ ለበረራ ብለሽ አስፕሪን አትዋጪ፤ ቁስልሽን ሊያደማው ይችላል፣ ለዚህ መርጋት የሚመከርም አይደለም። ጠባቧን ካልሲ ልበሺ፣ ከጉልበት በታች የምትደርሰውን፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ከ15 እስከ 30 የሚል የግፊት ቁጥር የተጻፈባት። ጠዋት እግርሽ ሳያብጥ አጥልቂያት። ሐኪምሽ የደም ማቅጠኛ መርፌ ካዘዘልሽ ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ያዢ። ከመተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር ጠይቂ። እንክብል የምትወስጂ ከሆነ፣ ማለትም የወሊድ መከላከያ፣ ለሐኪሙ ሳይነገረው አይቅር፤ ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለው መርጋትን ይጨምራል። እንቅልፍ ማስወሰጃም አትዋጪ። ስምንት ሰዓት ሳይነቃነቅ የተኛ መንገደኛ ስንቱን አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ፀጉር ተክዬ በማግስቱ መብረር እችላለሁ? (ወንድ ነኝ)

መልስ፦ ወንድሜ አንተ ቀላል ነህ። ከሦስት ቀን በኋላ አብዛኛው ሰው ያለ ችግር ይበራል። ጭንቅላትህን ከላይ ካለው የሻንጣ መክደኛ ጠብቀው፣ ሻንጣ ለመስቀልም አታጎንብስ። ሐኪሙ ያልፈቀደውን ኮፍያ አታድርግ።

ጥያቄ፦ ለአየር መንገዱ መናገር ግዴታ ነው? ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈልግም።

መልስ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ሌሊት ረጅም በረራ ላይ አንዲት ልጅ ሁሉም ተኝቶ ጋሊ (የአውሮፕላኑ ማዕድ ቤት) ውስጥ ቆማ አገኘኋት። ነጠላዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላለች። "ተቀመጪ እንጂ" ስላት "ወገቤን ያመኛል" አለችኝ። ውሃ ስሰጣት እጇ ሲንቀጠቀጥ ነጠላው ተንሸራተተ፤ ከጃኬቷ ሥር በጥቁር ፔስታል የጠቀለለችው የድሬን ብልቃጥ ነበር፣ ሞልቶ ደም የመሰለ ፈሳሽ እየነካካት። ቤተሰቦቿ ለሥልጠና የሄደች መስሏቸዋል። ሐኪም ካለ ብለን አስነገርን፣ ተሳፋሪ ሐኪም ተገኘ፣ ሦስት መቀመጫ ላይ አስተኛናት፣ ስናርፍ አምቡላንስ ጠበቃት። ተርፋለች። ግን ቢብስባት ሐኪሙ ምን እንደተሠራች ሳያውቅ ነበር የሚጀምረው።

ስለዚህ አዎ፣ ተናገሪ። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሐኪሙ የሚሞላው የሕክምና ቅጽ እንዲያቀርብ አየር መንገዶች ይጠይቃሉ። ቅጹ የሚሄደው ለአየር መንገዱ የሕክምና ክፍል ነው፣ ለእናትሽ አይደለም። ዊልቸርም ጠይቂ፤ ለዊልቸር የሚያፍር ሐበሻ እኔ አላጋጠመኝም።

ጥያቄ፦ ልጄ ከቱርክ ከመጣች 12 ቀኗ ነው። ሆዷን ተሠርታ ነው። ከትናንት ጀምሮ የግራ ባቷ ያማታል፣ ከቀኙ ወፍሯል፣ ይሞቃል። በጉዞው ነው ትላለች። ጎረቤት "ወጌሻ ትታሽ" ብሎኛል። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እማማ፣ ወጌሻ እንዳይነካት። ማንም እንዳያሻት፣ እርስዎም በዘይት እንዳያሿት። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ታሽቶ ከተነቀለ ወደ ሳንባ ይሄዳል። አደጋው ከጉዞው በኋላ ለሳምንታት ይቆያል፣ 12 ቀን አለፈ ብለው አይዘናጉ። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት፤ "የእግር ደም ሥር ዶፕለር አልትራሳውንድ" ይበሏቸው። ቀዶ ሕክምና ማድረጓንም መብረሯንም ይንገሩ፣ ልጅቷ ብታፍርም። መንገድ ላይ ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ደም ከሳለች ተራ አይጠብቁ፣ በሩ ላይ ይጩሁ። ከቱርክ ያመጣችውን ወረቀት ሁሉ ይያዙ። እና እባክዎ ይህን አንብበው ሲጨርሱ መልስ አይጻፉልኝ፣ ታክሲ ይጥሩ።