ሽሪምፕ የጨረሰው መርዝ ጅማ ይደርሳል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ አካባቢ ቆሮሶ (ቲላፒያ) አሳ የማረባበት ኩሬ አለኝ። ሰሞኑን ስልኬ ላይ እስያ ውስጥ በኩሬ የሚረባ ሽሪምፕ በአንድ ወር ሙልጭ ብሎ ሲያልቅ አየሁ። የባክቴሪያ መርዝ ነው ይላል። ጓደኛዬ «ሳይቀድምህ አንቲባዮቲክ ጨምርበት» አለኝ። ልጨምር?

መልስ፦ ኧረ አይጨምሩ! ያዩት በሽታ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤኤችፒኤንዲ (ድንገተኛ የጉበትና ቆሽት መበስበስ) ይባላል፣ አርቢዎቹ ኢኤምኤስ (ያለ ዕድሜ መሞት) ይሉታል። በ2009 እ.ኤ.አ. ቻይና ላይ ታየ፤ ከዚያ ቬትናም፣ ማሌዢያና ታይላንድ እያለ በ2013 ሜክሲኮ ገባ። መንስኤው ግራ ሲያጋባ ከርሞ፣ በዚያው በ2013 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ደረሱበት።

የሚገርመው ይህ ባክቴሪያ ባሕር ውስጥ ሞልቷል፣ አብዛኛውም ሽሪምፕን እንዲህ አይፈጅም። የሚፈጀው ፕላዝሚድ የምትባል የዲኤንኤ ቁራጭ የያዘው ነው። ፒርኤ እና ፒርቢ የሚባሉት ሁለት መርዞች የሚመረቱት በእሷ ነው፣ እሷ ደግሞ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ትሻገራለች። ባክቴሪያው ሽሪምፑ ጨጓራ ውስጥ ይደላደልና መርዙን ይለቃል፤ መርዙ እንደ ጉበትም እንደ ቆሽትም የሚያገለግለውን አካል ያፈርሰዋል። ሽሪምፑ ሲከፈት ይኸው አካል ገርጥቶና ኮስሶ፣ አንዳንዴም ጥቁር ነጠብጣብ ጥሎበት ይገኛል፤ አንጀቱ ባዶ ነው።

እና አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያውን ቢገድል እንኳ የተለቀቀውን መርዝ አይመልስም። በዘፈቀደ ከተጨመረ ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ያፈላል። የሰው መድኃኒት ኩሬ ውስጥ ሲደፋ ማየት እኔን በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ስለ ቆሮሶዎ ግን በዚህ በኩል አይጨነቁ። ቪብሪዮው ጨው ይፈልጋል፣ የጅማ ውሃ ደግሞ ጨው አልባ ነው። እንዲያውም አንዳንድ የእስያ አርቢዎች ቪብሪዮን ለመቀነስ ብለው ቆሮሶ የኖረበትን አረንጓዴ ውሃ ሽሪምፑ ኩሬ ውስጥ ያስገባሉ።

እርስዎ መፍራት ያለብዎት ኤሮሞናስ የሚባለውን ባክቴሪያ ነው። እሱም ኤሮላይሲን የሚባል፣ የሴል ሽፋን የሚበሳ መርዝ አለው። የሚበረታው በአብዛኛው አሳው ሲጨናነቅ፣ የተረፈ መኖ ውሃውን ሲያበላሽና ኦክስጅን ሲያጥር ነው። ቆዳው የቆሰለ ወይም ሆዱ የተነፋ አሳ ካዩ መኖውን ቀነስ ያድርጉ፣ ውሃ ይቀይሩ፣ የሞተውን ቶሎ ያውጡ። ከዚያ የጅማ ዩኒቨርሲቲን የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያማክሩ። ለምርመራ ናሙና ከጠየቁዎት በሕይወት ያለ የታመመ አሳ ይውሰዱ፣ የበሰበሰ ከሆነ ሊነግራቸው የሚችለው ነገር ትንሽ ነው።